ምስሉና ጉልበቱ

የባሌት ዳንስ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ቃላቱ የሙያ ስም ብቻ ሳይሆኑ ምስልም ናቸው። «ፎንዱ» ማለት «የቀለጠ»፣ «ፓ ደ ሻ» ማለት ደግሞ «የድመት እርምጃ» ነው። የፓሪሷ ሕፃን «ፎንዱ» ስትባል የቆመችበት እግር ቀስ ብሎ መታጠፍ እንዳለበት ግማሹን ከቃሉ ታገኘዋለች። ለአዲስ አበባዋ ልጅ ግን ቃሉ ባዶ ድምፅ ነው። ድስት ውስጥ ስለሚቀልጥ ቅቤ ሲነገራት ግን ነገሩ ይገባታል። ስለዚህ ሕፃናትን በምናብ ማስተማር አንዳንዶች እንደሚያሙት ማባበያ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ በመንገድ የጣለውን ትርጉም መመለስም ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊቷ ማቤል ቶድ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ተማሪዋ ሉሉ ስዋይጋርድ ደግሞ በ1974 ባሳተሟቸው መጻሕፍት፣ ሰውነት ይበልጥ የሚታዘዘው «ይህን ጡንቻ አጥብቅ» ሲባል ሳይሆን የእንቅስቃሴው አቅጣጫ በአእምሮ ሲሣልለት ነው ብለው ተከራክረዋል። ስዊሱ ኤሪክ ፍራንክሊንም በ1996 ይህንኑ ለዳንሰኞች አስፋፍቶ ጽፎታል።

የእኔ ቅሬታ በሐሳቡ ላይ ሳይሆን በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ያማረ ምስል ሁሉ ትክክለኛ ምስል አይደለም። «አናትሽ ላይ የታሰረ ክር ወደ ላይ ይስብሻል» የተባለች ልጅ ብዙ ጊዜ አገጯንና ትከሻዋን አንሥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ትገተራለች። ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ ጣቶች ወደ ውጭ በሚዞሩበት በአንደኛው አቋቋም ደግሞ ነገሩ ይከፋል። «እግሮችሽን እንደ መጽሐፍ ክፈቺ» ስትባል መጽሐፉን የምትከፍተው በውስጥ እግሯ ነው። መዞሩ መነሣት ያለበት ግን ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ዳሌዋ ያልሰጣትን ከወለሉ ስትበደር ዕዳውን የሚከፍለው ጉልበቷ ነው።

ይልቅስ «ጉልበቶችሽ ላይ ባትሪ በርቷል፤ ስትታጠፊ ብርሃኑ በእግር ጣቶችሽ ላይ ይረፍ» ብንላትስ? ብርሃኑ ከጣቶቿ ወደ ውስጥ ካፈነገጠ እግሯን ከአቅሟ በላይ አዙራለች ማለት ነው። ይህን መምህሩም፣ ልጅቷም ራሷ ያዩታል። ምስሉ ውበቱ ብዙም አይደለም፤ ነገር ግን ሊፈተን ይችላል።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ ግጥም ምሳሌ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ነገሩን ያሳያል ወይስ ያስጌጠዋል? ይኸው ጥያቄ ለዳንስ ክፍሉም ይሠራል። ልዩነቱ፣ ግጥሙ ላይ ያለው ምሳሌ ቢከሽፍ አንባቢው ገጹን ገልጦ ያልፋል። የስድስት ዓመት ሕፃን ግን የተነገራትን ሁሉ አምና ትፈጽማለች፤ ምሳሌው የተሳሳተ እንደሆነ የምትጠረጥርበት ዕውቀት የላትም። እንግዲህ መምህሩ ምስሉን ከነገራት በኋላ ከፈገግታዋ አስቀድሞ ጉልበቷን ይመልከት።