ከመንገድ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?

ሃያስያን ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥም፣ ስለ ቲያትርና ስለ ሥዕል ይጽፋሉ። ቡና በተፈላ ቁጥር በየቤቱ ስለሚቀርበው አንድ የጥበብ ዓይነት ግን ብዙ ሲባል አይሰማም። እሱም ከጉዞ የተመለሰ ሰው ለዘመድ ወዳጁ የሚያሳየው ፎቶግራፍና አብሮት የሚያወራው ወግ ነው። ይህ ጥበብ ባለቤት አለው፤ ታዳሚም አለው፤ የሚመረጥና የሚጣል ነገር አለው። ይህ ሁሉ ካለው ደግሞ ሂስ የማይደርስበት ምክንያት የለም። ለምሳሌ ሩቅ ሳንሄድ ላሊበላን እንውሰድ።

ከላሊበላ የተመለሰው ሰው ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ የምናየው ቤተ ጊዮርጊስን ነው። ፎቶው ከላይ፣ ከአፋፉ ላይ ሆኖ የተነሣ ነው። በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ቀጥሎ ያው ቤተ ክርስቲያን ከተጓዡ ጋር፤ ቀጥሎ ከተጓዡና ከጓደኞቹ ጋር፤ ቀጥሎ ተጓዡ ብቻውን እጁን ዘርግቶ። አርባ ያህል ፎቶ ካለፈ በኋላ ተመልካቹ «በጣም ያምራል» ይላል። ተጓዡም «በዓይን ካላዩት አይገባም» ብሎ ይመልሳል። ጨዋታው እዚህ ላይ ያልቅና ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል።

በዓይን ካላዩት የማይገባ ከሆነ፣ ታዲያ ፎቶው ምን ሊያደርግ መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ካሜራ አልነበረውም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያሳየው በቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ እያንዳንዳቸውን ለይቶ፣ ዓምዶቻቸውን ቆጥሮ፣ ስፋታቸውን ገምቶ ጽፏል። ጽፎም ሲያበቃ የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ሰጋ፤ እውነት መሆኑንም በእግዚአብሔር ስም ማለ። ፎቶግራፍ ቢኖረው ኖሮ መሐላው ባላስፈለገው ነበር። ግን ፎቶግራፍ ቢኖረው ኖሮ ዓምዶቹን ይቆጥር ነበር ወይ? የዛሬው ተጓዥ ሁሉን የሚያስረዳለት መሣሪያ በኪሱ ስላለ መቁጠሩንም፣ መለካቱንም፣ መናገሩንም ትቶታል።

በእኛም ዘንድ ቢሆን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አሉ። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለሕዝብ አካፈሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩና የተደረገላቸውን አቀባበልና ክብር እየዘረዘሩ መቆየት በቻሉ ነበር። መጽሐፉን ዋጋ ያሰጠው ግን ጃፓንን ከኢትዮጵያ ጋር እያስተያዩ መጻፋቸው ነው። ስለ ባሕር ማዶ በሚያወሩበት ጊዜ ሁሉ አገር ቤት የቀረውን አንባቢ አልረሱትም።

ከመጽሐፍም በፊት የነበረ ሌላ ልማድ አለን። ለገና በእግሩ ቀናት ተጉዞ ላሊበላን የተሳለመ ገበሬ ሲመለስ ባዶ እጁን አይገባም። ጸበልና እምነት ይዞ ይመጣል። ጎረቤቱም «በረከቱ ይድረሰን» ብሎ ይቀበለዋል። ጸበሉ መሄድ ላልቻለችው አሮጊት ይደርሳል፤ እምነቱ የታመመውን ልጅ ግንባር ይቀባል። በዚህ ልማድ ተጓዡ የሄደው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ የቀሩትን ወክሎ ነው። ስለዚህም ሲመለስ ዕዳ አለበት። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የጉዞ ፎቶግራፍም መመዘን ያለበት በዚህ ዕዳ ነው የሚል ነው። ለቀረው ሰው ምን አደረሰ?

አልበም በነበረበት ዘመን ይህ ዕዳ በመጠኑም ቢሆን ይከፈል ነበር። አንዱ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሣው፤ ለማጠቢያና ለማሳተሚያም ገንዘብ ይወጣል። ስለዚህ ተጓዡ ከማንሣቱ በፊት ማሰብ ነበረበት። ከፎቶው ጀርባ «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀንና ቦታ ይጻፋል፤ አንዳንዱም ሁለት ሦስት መስመር ይጨምርበታል። አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ባለቤቱ አጠገብ ተቀምጦ «ይሄኛው ማን ነው?» ለሚለው ሁሉ መልስ ይሰጣል። ጥበቡ ከሥዕሉ ይልቅ በዚያ መልስ ውስጥ ነበረ። ዛሬ ግን ፎቶው በቴሌግራም ተልኮ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል፤ ባለቤቱ ሲመጣ የሚጠይቀው የለም፤ ሁሉም «አይተነዋል» ባይ ነው።

በእርግጥ ለተጓዡ መከራከሪያ አይጠፋም። ፎቶዎቹን ሁሉ በራሱ ፊት ሞላቸው ብለን ስንወቅሰው እናቱን መጠየቅ ይገባናል። እናት ቤተ ጊዮርጊስን ከማየቷ በፊት የልጇን ፊት ታያለች። ከስቷል? ፀሐይ አቃጥሎታል? ጋቢውን ደርቧል? ለእሷ የዓለቱ ጥበብ ከልጇ ጀርባ ያለ መጋረጃ ነው፤ ይህም ፍቅር እንጂ ድንቁርና አይደለም። ስለዚህ በፎቶው ውስጥ መቆሙን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሌላውን ሁሉ ሸፍኖ መቆሙን ነው።

የተሸፈነው ምን እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ከዝናብና ከፀሐይ የሚከላከሉ ትልልቅ መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ላይ ተተከሉ። ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ነዋሪው ክብደታቸው ዓለቱን ይጎዳል ብሎ ሰጋ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም አደባባይ ወጥቶ ድምፁን አሰማ። ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ አልተሠራለትም። ካሜራው ሁሉ ወደ እሱ የሚሮጠው በውበቱ ብቻ ሳይሆን በዚህም ጭምር ይመስለኛል። ወደ ሌሎቹ የሄደውም ምሰሶው ከፎቶው እንዳይገባ ዘወር እያለ ያነሣል። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የተቀመጠው ዘመዱ እንግዲህ የሚያየው ሥጋት የሌለበትን ላሊበላ ነው። ፎቶው የዋሸው ነገር የለም፤ ግን የአገሬውን ጭንቀት ቆርጦ ጥሎታል።

ከዚህም የባሰ አለ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማይቱ በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ገባች፤ በተከታዮቹም ወራት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተመላለሰች። እንግዳ ጠፋ፤ ኑሮው በእንግዳ ላይ የቆመው ሕዝብ ተቸገረ። ከዚያ በፊት የተነሣ አንድ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶና ከዚያ በኋላ የተነሣ ሌላ ፎቶ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይለያል? ድንጋዩ ያው ነው። የተለወጠው አስጎብኚው፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ ጧፍ ሻጭዋ ነች። ይህን ለውጥ ካሜራው ከአፋፉ ላይ ሆኖ አያየውም። ሊያደርሰን የሚችለው ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ ያወራ፣ የሰማውንም ይዞ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ካሜራ የዓይንን ሥራ ሊያግዝ ይችላል፤ የልብን ሥራ ግን አይሠራም። ጥሩ የጉዞ ፎቶ የምንለውም ውብ የሆነውን ሁሉ አይደለም፤ ጥያቄ የሚያስነሣውንና ባለቤቱም መልስ ያለውን ነው። ከአራት መቶው ፎቶ አሥሩን መርጦ፣ የምሰሶውን ጨምሮ፣ አስጎብኚው ያለውን እየነገረ የሚያሳይ ሰው ከላሊበላ በረከት አምጥቷል። ሌላው ግን ላሊበላ ደርሶ መጥቷል፤ እኛን ግን አላደረሰንም። ስለዚህ ስልኩ ወደ እኛ ሲዘረጋ «ያምራል» ብለን ከመመለስ ይልቅ «እስቲ ስለ ሰዎቹ ንገረን» እንበል። የታዳሚውም ሂስ ከዚህ ይጀምራል።