የመኪናን ሆድ ዕቃ ያሳየን መጽሐፍ

ስለ መኪና ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ከልቤ የማመሰግነው የሄይንስን የጥገና መመሪያ ነው። የፋብሪካ መመሪያ የሚዘጋጀው ለሠለጠነ መካኒክ ነው፤ ይህኛው ግን መኪናውን በገዛ እጁ መጠገን ለሚፈልግ ባለቤት የተጻፈ ነው።

ሥራው የተጠነሰሰው በየመኗ የወደብ ከተማ በኤደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ የነበረው ጆን ሄይንስ፣ ጓደኛው የገዛውን ያረጀ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና ሲያድስ የፋብሪካው መመሪያ ለተራ ሰው እንደማይሆን አስተዋለ። ስለዚህ ካሜራ ይዞ ሞተሩ ሲፈታና ሲገጠም ደረጃ በደረጃ ፎቶ አነሳ። በ1966 የመጀመሪያው መመሪያ ታተመ።

እኔን የሚማርከኝ ሐቀኝነቱ ነው። አዘጋጆቹ የሚጽፉት መኪናውን ራሳቸው ፈትተው፣ ራሳቸው ገጥመው ነው። የትኛው ብሎን እንደሚቀድም፣ ካንዴላ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚቀየር በፎቶና በሥዕል ያሳያሉ። የሥራውን ክብደት ደግሞ ከአንድ እስከ አምስት በሚደርሱ የመፍቻ ምልክቶች አስቀድመው ይነግሩናል፤ ጀማሪው አቅሙን አውቆ ይገባበታል።

ይህ መጽሐፍ ባይኖር ስንቱ መኪና በትንሽ ብልሽት ቆሞ በቀረ! ስንቱ ወጣትስ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ በቀረ!

አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዳዲስ ሞዴሎች የወረቀት መመሪያ ማተም እንደሚያቆም አስታውቋል። ስለዚህ የቆየ ቅጂ ያላችሁ አትጣሉት፤ መማር ለሚፈልግ ልጅ ስጡት።