እግዜር ይማርሽ

ደልጊን የምታውቁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ለማታውቁት ግን፣ ደልጊ በጣና ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለች የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። እኔ በ2001 ዓ.ም. የሄድኩት በሳምንት አንድ ቀን ከባሕር ዳር ትነሣ በነበረችው መርከብ ነበር። ዘጌን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ በማግሥቱ ደልጊ ሰውና ዕቃ አራግፋ ወደ ጎርጎራ ትቀጥል ነበር። ለመሄድ የቸኮለ አይሳፈርባትም ነበር፤ ጣናን ለማየት የፈለገ ግን ሌላ አያስፈልገውም ነበር።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ሁላችን «ፔዳ» በምንለው ግቢ፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ደልጊ ተመድቦ የአማርኛ መምህር ሆኗል፤ እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነች ልጅ አግብቷል። በሴሚስተር ዕረፍት ሁለቱም ባሕር ዳር መጥተው አገኘኋቸውና ሲመለሱ «እንሂድ እንጂ መምህር፣ ደልጊን ይዩዋት» አሉኝ። ተከተልኳቸው።

መርከቧ ዘጌ ስትቆም የመምህርነት አመሌ አልለቀቀኝም። አጠገቤ ለተቀመጡ ሽማግሌ፣ ጦቢያ የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚህ መሆኑን ነገርኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝና «ዘመድህ ነው?» አሉኝ። አፈወርቅን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የባልና ሚስቱ ቤት አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ከዚህ ሌላ ያላቸው ንብረት ሁለት ዓይነት ነው፤ የሱና የሷ። የሱ፣ ጎንደር ከአንድ ጡረተኛ ፎቶ አንሺ ላይ የገዛው አሮጌ ዜኒት ካሜራ፤ የሷ፣ በካርቶን የተሞላ የዳንቴል ክርና አምስት ኪሮሽ። ግድግዳው በፎቶ፣ የቀረው ሁሉ በዳንቴል ተሸፍኗል። ለቴሌቪዥን የሚሆን ዳንቴልም አለ፤ ቴሌቪዥኑ ገና አልተገዛም።

ደልጊ ይህን ነገር እንዴት እንደምትረዳው ቸግሯት ነበር። ካሜራው የመጣ ሰሞን «ፎቶ ቤት ሊከፍት ነው» ተባለ፤ ደግ ነገር ነው። ከፍቶ ቢሆን ማንም ምንም አይልም። «አይ፣ ለራሴ ነው» ሲል ነው ሰው የተጨነቀው። ለራስህ ምን ልታደርገው? ሠርግ አያነሣ፣ መታወቂያ አያነሣ። ደንገል ያነሣል፣ ታንኳ ያነሣል፣ ሚስቱን ሽንኩርት ስትከትፍ ያነሣል! እሷም ዳንቴሏን አትሸጥም። ለሙሽራ ሥሪልን ብለው ብር ይዘው የመጡባትን «እንዲሁ ነው የምሠራው» ብላ መልሳለች። በደመወዝ ሰሞን ደግሞ ሁለቱ ይጣላሉ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ 36ቱን በአንድ ቅዳሜ ሲጨርሰው እሷ ትቆጣለች። እሱ ደግሞ «ጋቢ የሚያሠራ ክር ጠረጴዛ ላይ አነጠፍሽው» ይላል። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነው፤ ጠቡ ግን የእውነት ጠብ ነበር።

እስቲ ቃሉን እንየው። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚያደርጉትን በአማርኛ ምን እንለዋለን? «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ»። ሦስት ቃል ፈጀብን፤ ሦስቱም ይቅርታ ይጠይቃሉ። ትርፍ፣ ማለት ከዋናው የተረፈ። ማሳለፊያ፣ ማለት እንዲያው እስኪያልፍ። የራሱ ስም የሌለው ነገር ሰው ፊት ሲቆም ያፍራል። ሽርሽርማ ከዚህም የባሰ ነው። ቋንቋችን ለባልና ሚስት በሙሉ ፊርማ የፈቀደው አንድ ሽርሽር ብቻ ነው፤ የጫጉላ። እሱ ካለፈ በኋላ ሚስቱን ይዞ የሚንሸራሸር ሰው ወይ ገንዘብ በዝቶበታል፣ ወይ ሥራ ፈቷል።

ወደ ጉዞው ልምጣ። ባልና ሚስቱ በዓመት ሁለቴ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ሲሄዱ በጎንደር በኩል በመኪና፣ ሲመለሱ በመርከብ። እዚያ ምን ያደርጋሉ? ፊልሙ ይታጠባል፣ ክር ይገዛል፣ ዘንባባው ሥር ይሄዳሉ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዓሣ ይበላሉ (በልጅነታቸው ጣና ዳር ላደጉ ሰዎች ዓሣ ምን ብርቅ ነው አትበሉ፤ ሌላ ሰው የጠበሰው ዓሣ ብርቅ ነው)፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተው ዓባይን ያያሉ። ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ይኸው ነው።

ለሱ ሰበብ አያጣም። መምህር ነው፤ ሥልጠና አለ፣ ዐውደ ጥናት አለ፣ ውሎ አበል አለ። አገራችን ውስጥ ወንድ ልጅ ከተማ ወጥቶ ሆቴል እንዲያድር መንግሥት ራሱ ይከፍለዋል። ባይኖር እንኳ «ፊልም ላሳጥብ» ማለት ይበቃዋል። ግን አንድ ፊልም ለማሳጠብ ሁለት ሰው ምን ያደርጋል? እሷ የዓመት ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃዋ «ምን ሆነሽ?» አላት። «ምን ልታደርጊ?» እንኳ አላለም፤ «ምን ሆነሽ?» ነው ያላት። አንዲት ያገባች ሴት ከቤቷ የምትወጣባቸው በሮች የታወቁ ናቸዋ፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ንግሥ፣ ሐኪም ቤት። የሞተም የሚዳርም አልነበረም። እናም «አሞኛል» አለች።

እኔ የደረስኩት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ከመርከብ ወርደን ቤት ገብተን፣ እሷ ገና ክሮቿን በየቀለማቸው እየለየች ሳለ ጎረቤት መጣ። «እግዜር ይማርሽ!» ዳንቴሉ አልጋ ሥር ገባ። ሌላ መጣ። «እግዜር ይማርሽ ልጄ፣ ምን አሉሽ ሐኪሞቹ?» ጋቢ ተከናነበች። ቤቱ ሞላ፣ ቡና ተፈላ፤ የምታፈላው ጎረቤቷ ናት፣ ታማሚ እንዴት ብላ ታፈላለች? ባልየው ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል። እኔን ደግሞ «ሐኪሙ ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሳቄን አፍኜ ነበር፤ አልደብቃችሁም።

በመጨረሻ አንዲት ባልቴት መጡ። ዐሥር እንቁላል በጨርቅ ቋጥረው። «ጾሙ ሳይገባ ብዪው፣ አገግሚበት» አሉ። ሴትዮዋ የሚኖሩት እንቁላል ሸጠው መሆኑን የምታውቀው ሚስት ፊቷ ተለወጠ። «ኧረ እማማ፣ እኔ እኮ...» ብላ ጀመረች። ሁላችንም ዝም አልን። ባልየው ቀና አለ። «እኔ እኮ ተሽሎኛል» ብላ ጨረሰችው። እማማ አንድ ነገር የገባቸው መሰለኝ፤ ግን «ይጨርስልሽ» ብለው እንቁላሉን አስቀምጠው ሄዱ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እንቁላሉን እያየች እንዲህ አለችኝ፦ «መምህር፣ እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት ፍቅር ያለበት መጽሐፍ ሲያስተምሩ ኖሩ። ባልና ሚስት ሳይታመሙ፣ ሳይጣሉ፣ ሰው ሳይሞትባቸው ከተማ ሄደው ሁለት ቀን ደስ ብሏቸው የተመለሱበት መጽሐፍ አለ?»

«እስቲ ላስብ» አልኳት። መምህር መልስ ሲጠፋው የሚላት ነገር ናት።

አሰብኩ። ከአፈወርቅ ጀመርኩ። ጦቢያ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ፤ ስንት ጦርነትና ስንት ስደት አልፎ መጨረሻው ሠርግ ነው። ደራሲው ሠርጉን ደግሶ ብዕሩን አስቀመጠ። እነዚያ ሙሽሮች በሦስተኛው ዓመት ምን ይበላሉ፣ በምን ይኳረፋሉ፣ አይነግረንም። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ይቅር እንበለው፤ ተረትም እዚያው ነው የሚያልቀው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. «የልብ ዐሳብ» ብለው ሲያሳትሙ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ርእሱ ላይ ጻፉት፤ ተስፋ ይሰጣል። ግን ብላቴን ጌታ ጋብቻን የሚያዩት እንደ መካሪ አባት ነው፤ እንዴት መሆን እንዳለበት ያሳዩናል እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል አይነግሩንም። በዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገርን ሲጽፍ ከቢሮ ሥራው ይልቅ ጥበብ የሚያቃጥለውን አበራ ወርቁን ሰጠን። ዜኒት ለገዛው ተማሪዬ የቅርብ ዘመዱ ነው። ግን አበራም ነፍሱ የምትወደውን ነገር እቤቱ፣ እቅፉ ካለች ሴት ጎን አድርጎ መኖር አልቻለም።

ፍቅር እስከ መቃብርን ሳስተምር ደግሞ ሁልጊዜ የምሮጠው ወደ ሰብለና በዛብህ ነበር። የማይሮጥ አለ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ፍቅርን ለሁለት ትውልድ ያስተማረን እሱ ነው፤ ያስተማረንም ፍቅር አንድ ጎጆ ውስጥ የማይገባ፣ አንድ መቃብር ውስጥ ብቻ የሚገናኝ ነገር መሆኑን ነው። በዚያ ጥያቄ ምክንያት ግን ተመልሼ መጀመሪያውን አነበብኩት። ማንኩሳ ላይ፣ ባል እየሞተባት ዕድሏን የረገመች ውድነሽ በጣሙ አለች። ቤቷ ተቀጥሮ የሚያገለግል ቦጋለ መብራቱ አለ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ይጋባሉ፤ ያርሳሉ፣ ይበላሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ አብረው ይጨነቃሉ። ያ ልጅ በዛብህ ነው። በዚያ ሁሉ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ፍቅርን ኖረው ያሳዩን እነሱ ናቸው፤ እኔ ለዓመታት «መግቢያ» ብዬ ያለፍኳቸው። በፈተና ላይ ስለ ውድነሽና ቦጋለ አንድ ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም።

መልሱ የታወቀ ነው፤ ሰምቼዋለሁ። «ድርቅና ጦርነት ባለበት አገር ደራሲ ስለ ሽርሽር ይጻፍ?» የሚል አለ። ይህ ሙግት እውነት ቢሆን ኖሮ መጠጥ ቤቱስ ከየት መጣ? ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን ሌሊት ሌቱም አይነጋልኝ ብሎ ጻፈልን፤ መስፍን ሀብተ ማርያም የቡና ቤት ሥዕሎችን ሣለልን። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ክፍል ውስጥም ከመጽሐፉ በላይ ተርኬያቸዋለሁ። መዝናናት ሞልቷል እኮ መጽሐፎቻችን ውስጥ! የጠፋው ሚስትን ይዞ መዝናናት ነው። ወንድ ብቻውን ሲወጣ ወግ ይሆናል፤ ከሚስቱ ጋር ሲወጣ የሚጻፍ ነገር የለም። እንግዲህ ያቺ ልጅ «አሞኛል» ያለችው ውሸታም ስለሆነች አይደለም፤ እውነቱን የምትናገርበት ዐረፍተ ነገር ማንም ስላላዋሳት ነው። ለማዋስ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ነበርኩ።

እኔስ? ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር በኖርኩበት ዘመን የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየነዳሁ ወስጄያለሁ፤ ለጀርመኑ፣ ለኖርዌዩ፣ አንድ ጊዜም ለማላውቀው የአንድ እንግዳ ጓደኛ። ሐምሌና ነሐሴ ሞልቶ ሲወርድ፣ በበጋ ሲሳሳ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ባለቤቴ አይታው አታውቅም። «ውሃው ይሙላና» እላለሁ፤ ሲሞላ «ጭቃው ይድረቅና»። እሷ ከከተማ የወጣችው ለለቅሶ ነው፤ ቆጥሬ ደረስኩበት፣ አንድም ያለ ለቅሶና ያለ ሠርግ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ የምሰጠው ምክንያት እውነተኛ ሆነ። እውነተኛ ምክንያት ሲገኝ እንደዚህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።

ከደልጊዎቹ ጋር ስልኩ በሠራ ቁጥር እንገናኛለን። ልጆች ወልደዋል። ዜኒቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ፊልም የሚያጥብለት አጥቶ። በስልኩ ያነሣል፤ ግን «36 ብቻ ነው ካልተባለ አያጓጓም» ይላል። ባሕር ዳርን ካዩ ቆይተዋል፤ አሁን ከደልጊ የሚወጣ ሰው የእውነት ታሞ ነው፣ እሱም መንገዱ ሲፈቅድ፣ አለኝ። ይህን ሲለኝ አልሳቀም።

ባለፈው ስልኩን ተቀብላው «ታዲያ መምህር፣ መጽሐፉ ተገኘ?» አለችኝ። ስለ ውድነሽና ቦጋለ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «እነሱም ከተማ አልሄዱም» አለች።

«የእንቁላሏስ እማማ?» አልኳት።

ያኔውኑ፣ በዚያው ሰሞን፣ ከባሕር ዳር በመጣው ክር ትልቅ የሌማት ዳንቴል ሠርታ ወስዳላቸው ነበር። እውነቱንም እዚያው ነገረቻቸው፤ አላመመኝም ነበር፣ ከባሌ ጋር ልዝናና ነው የሄድኩት ብላ። እማማ ዳንቴሉን ገልብጠው ገልብጠው አዩና «ይሁን፣ ለሰው ግን እንዳትነግሪ» አሏት። እስከ ዛሬም እንግዳ ዳንቴሉን ባደነቀ ቁጥር «ያቺ ታማ የነበረችው ልጅ የሠራችልኝ ነው» ይላሉ አሉ።