«ሲሞቅ ይቀልጣል» የሚለው ትምህርት ምን ይጎድለዋል?

«ጠጣር ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ፈሳሽ ሲሞቅ ይተናል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሸመደደ ተማሪ ማን አለ? ከሥሯ ሦስት ሣጥኖች ይሳላሉ፤ በጠጣሩ ሣጥን ውስጥ ነጠብጣቦች ተደርድረው ይታያሉ። ስዕሉ ለበረዶ ጥሩ ነው። ችግሩ ከዚያ አለማለፉ ነው፤ ሙቀት ማቅለጥና ማትነን እንጂ ሌላ ሥራ የሌለው ያስመስለዋል። ዛሬ ይህን ስዕል ልተቸው፤ ነገሩ ከፈተና አልፎ እስከ ሰው እግር ይደርሳልና።

በግላይሲን እንጀምር። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦንሪ ብራኮኖ ጄላቲንን በአሲድ አፍልቶ አገኘው፤ ስለሚጣፍጥም «የጄላቲን ስኳር» አለው። በክሪስታል ውስጥ የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤቱን አጥብቆ ይይዛል። አያያዙ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የደቡብ ጎንደርን ደጋ ድንጋይ አስቡት፦ እዚህ እርከን ይካብበታል፣ እዚያ ክብ ቤት ይሠራበታል። ድንጋዩ ያው ነው፤ አሰላለፉ ሌላ። ግላይሲንም በተለመደው የአየር ግፊት ሦስት አሰላለፍ አለው፦ አልፋ፣ ቤታና ጋማ። በአልፋ ሞለኪውሎቹ በድርብ ንጣፍ ይነባበራሉ፤ በጋማ ደግሞ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞሩ ይያያዛሉ። ቀመራቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው ይለያያል፤ የጋማን ክሪስታል ስትጫኑት ቮልቴጅ ይፈጥራል፣ አልፋ ግን አይፈጥርም።

ጋማን ብታሞቁትስ? 165 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ጠጣር እንደሆነ ወደ አልፋ ይለወጣል። አንዲት ጠብታ ፈሳሽ እንኳ የለችም! ሲቀዘቅዝም ቶሎ ወደ ጋማ አይመለስም። ማሞቁን ብትቀጥሉ ደግሞ ከ230 ዲግሪ በላይ እንደ በረዶ ቀልጦ ከመፍሰስ ይልቅ ይጠቁራል፤ ሞለኪውሉ ራሱ ይፈርሳል። ታዲያ ሦስቱ ሣጥኖች ይህን የት ያስቀምጡታል?

«ይሄ የላብራቶሪ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ እንውረድ። በፎገራ ሜዳ ክረምቱ ሲወጣ በጥቁሩ አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ይቆማል። በፍሬው ውስጥ ግን ፕሮቲን የማይገነባ አንድ አሚኖ አሲድ አለ፤ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል። ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ሽባነቱም አይድንም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሽታው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በስፋት እንደሚገኝ አሳይተዋል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ይቀቀላ! ሙቀት መርዝ ያጠፋል።» አያችሁ፣ ያው የሣጥኑ አስተሳሰብ ነው። ቤታ-ኦዳፕ ውሃ ውስጥ ሲሞቅ ከፊሉ ወደ አልፋ-ኦዳፕ ይዞራል፤ ይኸኛው መርዛማነቱ በጣም ያነሰ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የክሪስታል ለውጥ አይደለም፤ እዚህ ቦታ የቀየረው የሞለኪውሉ አንድ ክፍል ነው። ጥያቄው ግን አይለወጥም፦ አተሞቹ እነዚያው ናቸው፣ አሰላለፋቸውስ? ደግሞም ለውጡ መንገድ ላይ ይቆማል። አልፋውም ወደ ቤታ ስለሚመለስ፣ ሁለቱ ሚዛን ሲይዙ ከግማሽ በላዩ ቤታ ሆኖ ይቀራል። እሳት ብትጨምሩስ? ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳት ሲጨመር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ንፍሮው ከዚያ በላይ አይግልም። ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

እነ ኃይለየሱስ ጌታሁን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናትም አደጋው እንደ አዘገጃጀቱ እንደሚለያይ አሳይቷል፦ ንፍሮውንና ጥሬ እሸቱን የበሉ ሰዎች ይበልጥ ተጋልጠዋል፤ ጓያን ከእህል ጋር መቀላቀል ግን አደጋውን ይቀንሳል። «በስሏል» የሚለው ቃል ብቻውን ለማንም ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

ስዕሉ ይቀደድ አልልም። አንድ ቀስት ይጨመርበት፦ ከጠጣሩ ሣጥን ወጥቶ ወደዚያው ሣጥን የሚመለስ። እናንተም «ሲሞቅ ምን ይሆናል?» ስትባሉ «ይቀልጣል» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጠይቁ፦ ምን ወደ ምን ተለወጠ? ምን ያህሉ? ሲቀዘቅዝስ ይመለሳል ወይ? ለግላይሲን ክሪስታልም ለጓያ ድስትም የሚጠቅሙት እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው።