የሌሊት ወፍ የሚዘገይ እርግዝና እና የኦቫሪ ሆርሞኖች፦ ስለ ግኝቱና ስለ ትርጓሜው ሒሳዊ ዳሰሳ

በሰው ልጅ ዘንድ ፅንስ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ ዕድገቱ ያለማቋረጥ ይቀጥላል፤ ከቆመም ምልክቱ የሕመም ወይም የውርጃ ነው። በአንዳንድ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ግን ሁኔታው ከዚህ ይለያል። እናቲቱ እርግዝናዋን ለሳምንታት፣ አልፎ ተርፎም ለወራት አዘግይታ ምግብ በሚበዛበት ወቅት ትወልዳለች። ይህ እንዴት እንደሚከናወን ለመረዳት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተካሄዱት ጥናቶች በዋነኛነት ያተኮሩት በኦቫሪና በሆርሞኖቹ ላይ ነው። የተገኘው ዕውቀት ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው። ይሁን እንጂ ከግኝቱ ወደ ትርጓሜው የሚደረገው ሽግግር በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል፤ ተመሳሳይ አስተሳሰብ በሕሙማን መመርመሪያ ክፍልም የሚሠራበት ነውና።

ሦስት የተለያዩ ክስተቶች

በመጀመሪያ የስያሜው ጉዳይ አለ። «የዘገየ እርግዝና» በሚለው ስም ሦስት የተለያዩ ክስተቶች በአንድነት ሲጠሩ ይስተዋላል። በቀዝቃዛ አገሮች የሚኖሩ ብዙ የሌሊት ወፎች ብርዱ ከመግባቱ በፊት ተራክቦ ፈጽመው የወንዱን ዘር በማህፀናቸው ያቆያሉ፤ እንቁላል የሚለቁት ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የዘገየው ፅንሰቱ እንጂ እርግዝናው አይደለም። ሚኒዮፕተረስ ሽራይበርሲ የተባለው ዝርያ በአውሮፓ ከብርዱ ወራት በፊት ይፀንሳል፤ ፅንሱ ግን ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ ብርዱን ያሳልፋል። በሦስተኛው ዓይነት ፅንሱ ከማህፀን ይጣበቃል፤ ዕድገቱ ግን እጅግ አዝጋሚ ይሆናል። ብራድሾው እ.ኤ.አ. በ1962 የመዋለድ ዑደቱን የገለጸው የአሜሪካው ማክሮተስ ካሊፎርኒከስ ስምንት ወር ገደማ የሚያረግዘው በዚህ ምክንያት ነው። በፊሊፒንስ የሚገኘው ሃፕሎኒክተሪስ ፊሸሪ ደግሞ የፅንሱን ዕድገት እስከ ስምንት ወር ሊያዘገይ እንደሚችል ሃይደማን እ.ኤ.አ. በ1989 አመልክቷል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ የሆርሞን ሕግ ለማስረዳት መሞከር ከመነሻው ስሕተት ላይ ይጥላል።

የጥናቶቹ ጥንካሬና ድካም

በኋለኞቹ ሁለት ዓይነቶች ተደጋግሞ የታየው ግኝት የሚከተለው ነው፦ እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ በኦቫሪ ውስጥ የሚፈጠረው ኮርፐስ ሉቴም በመዘግየቱ ወቅት አለ፤ ሥራው ግን ደካማ ነው። በደም ውስጥ ያለው ፕሮጀስትሮን ዝቅተኛ ይሆናል፤ ፅንሱ ሲፋጠንም ከፍ ይላል። ከእነዚህ ጥናቶች መካከል በህንድ አገር በባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ በአሚታብ ክሪሽናና በባልደረቦቹ ሳይኖፕተረስ ስፊንክስ በተባለው ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ላይ የተሠሩት ልዩ ዋጋ አላቸው። ይህ ዝርያ በዓመት ሁለት ጊዜ ያረግዛል። በመጀመሪያው እርግዝና ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ገደማ የፅንሱ ዕድገት ይዘገያል፤ በሁለተኛው ግን እንዲህ ያለ መዘግየት የለም። በመሆኑም ተፈጥሮ ራሷ ማወዳደሪያ አቅርባለች ማለት ይቻላል።

ድካሙ ከናሙናው ይመነጫል። እንስሳቱ ትናንሽ በመሆናቸው ከአንዲት እናት በተደጋጋሚ በቂ ደም መውሰድ ያዳግታል፤ ኦቫሪውን ለመመርመር ደግሞ እንስሳዋ መሞት አለባት። ስለዚህ የየወሩ አኃዝ የሚገኘው ከተለያዩ እንስሳት ነው። እንዲህ ያለው አማካይ ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት መከሰታቸውን ያሳያል፤ የትኛው እንደ ቀደመና የትኛው እንደ ተከተለ ግን አያሳይም። ፕሮጀስትሮን ስላነሰ ፅንሱ ዘገየን? ወይስ ሁለቱንም ያዘገያቸው ሌላ ኃይል አለ? በማክሮተስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተደረጉ ልኬቶች በመዘግየቱ ወቅት የታይሮይድ ሆርሞንም ዝቅ ማለቱን ማሳየታቸው ሁለተኛውን ጥያቄ ያጠናክረዋል።

የሌሎች እንስሳት ምስክርነትም ወደዚያው ያመራል። አይጥ እንደ ፀነሰች፣ ፅንሱ ከመጣበቁ በፊት ኦቫሪዋ ወጥቶ ፕሮጀስትሮን ብቻ ቢሰጣት ፅንሱ ሳይሞት ይቆያል፤ እንዲጣበቅ የሚያደርገው ጥቂት ኤስትሮጅን ነው። በሚንክ ደግሞ ኮርፐስ ሉቴምን የሚቀሰቅሰው ፕሮላክቲን ሲሆን፣ ፕሮጀስትሮንን ብቻ መስጠት መዘግየቱን አያበቃም። እንግዲህ አንዱ ሆርሞን በአንደኛው እንስሳ የመጠበቅ፣ በሌላኛው የመቀጠል ምልክት ሆኖ ይገኛል።

ወደ ሰው ሲሻገር

የክሪሽና ቡድን ስኮቶፊለስ ሂዚ በተባለ ሌላ ዝርያ እንቁላል የሚለቀቅበት ጊዜ ሲዘገይ ኦቫሪው ብዙ አንድሮጅን እንደሚያመነጭ አሳይቶ፣ ሁኔታውን በሴቶች ከሚታየው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ጋር አነጻጽሯል። ንጽጽሩ ጠቃሚ ቢሆንም ገደብ አለው። የሌሊት ወፏ ሁኔታ ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍም ያለ ሐኪም ይሄዳል፤ ከዚያም እንቁላል ትለቃለች፣ ትወልዳለች። የሴቲቱ ሕመም ግን ለዓመታት የሚዘልቅ ነው። ስለሆነም ከዚህች እንስሳ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ከሕመሙ ጋር የምትመሳሰልበት ሳይሆን ከዚያ ሁኔታ የምትወጣበት መንገድ ነው።

ዝቅተኛ አኃዝን እንደ መንስኤ መቁጠር በሕክምና ምን እንደሚያስከትል የፕሮጀስትሮን ታሪክ ያስረዳል። ፅንስ በተደጋጋሚ ለሚያስወርዳቸው ሴቶች ሆርሞኑን መስጠት ለብዙ ዘመን አሳማኝ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፕሮሚስ የተባለው ጥናት ግን በ836 ሴቶች ላይ ተካሂዶ፣ በሕይወት የወለዱት መድኃኒቱን ከወሰዱት 65.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 63.3 በመቶ መሆናቸውን አሳየ፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፕሪዝም ደም የፈሰሳቸው 4,153 ነፍሰ ጡሮችን አጥንቶ በጠቅላላው 75 እና 72 በመቶ አገኘ፤ ይህም አጥጋቢ ማረጋገጫ አልሆነም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ደም ፈሷቸው ቀድሞም ሦስትና ከዚያ በላይ ፅንስ ባስወረዳቸው ሴቶች ላይ ነው።

የሌሊት ወፍ ጥናቶች ኦቫሪ በመዘግየቱ ውስጥ ድርሻ እንዳለው በሚገባ አሳይተዋል፤ ብቸኛው አዛዥ መሆኑን ግን አላረጋገጡም። ቀጣዩ ሥራ አንድን ሆርሞን ሰጥቶ ወይም ከልክሎ ውጤቱን በዚያው እንስሳ ላይ መከታተል ነው። ሐኪሙም ቢሆን ከላቦራቶሪ የመጣለትን ዝቅተኛ አኃዝ ይዞ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት፣ አኃዙ የፅንሱ መድከም መንስኤ ነው ወይስ ውጤት ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።