የአያት ስም ወዴት ይሄዳል?

ሂስ ሲባል ግጥምና ልብ ወለድ ብቻ ለሚታያችሁ፣ እስቲ ዛሬ አንድ የሕግ አንቀጽ እንደ ድርሰት እናንብብ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል። በመንግሥት ወረቀት ላይም የቤተ ዘመዱ ስም ይቀድማል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ።

ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ግን የባሕር ማዶ ሰው ነው። ጨንቻ ገበያ ውላችሁ ብትመጡ እንዲህ ያለ ሰው አታገኙም። እኛ ዘንድ «አቶ»ም «ወይዘሮ»ም የሚቀደሙት የሰውየውን የራሱን ስም ነው። ስለዚህ አንቀጹ ተጻፈ እንጂ አልኖረም።

እንግሊዞቹስ ከየት አመጡት? ከ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማኖች ወረራ በኋላ ቀስ በቀስ የመጣ ነገር ነው። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ፣ ጆንሰን ማለት የጆን ልጅ ነበር። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ግን ስሙ በብዙ ቤት ረጋ። የጆንሰን አባት ሮበርት ቢሆንም ልጁ ያው ጆንሰን ነው። የሞተ ሰው ስም አልወርድም ብሎ ቀረ ማለት ነው።

የኛ ስም ግን ይወርዳል። በመታወቂያችን ላይ ሦስት ቦታ አለ፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። አዲስ ልጅ በተመዘገበ ቁጥር አንድ ሰው ከወረቀቱ ይወድቃል። አሁን የጋሞ ተማሪዎችን ዝርዝር ተመልከቱ። ብዙዎቹ በራሳቸውም በአባታቸውም በኩል የመጽሐፍ ቅዱስ ወይም የአማርኛ ስም ይዘዋል። ጋሞኛው ስም ካለ በሦስተኛው ቦታ ላይ ነው። እነሱ ልጅ ወልደው ያስመዘገቡ ዕለት እሱም ወደቀ!

«ታዲያ እንደ እንግሊዞቹ እናርጋው» የሚል ይኖራል። አይሆንም እላለሁ። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ማና፣ ደጋላ እየተባለ፣ መሬትና ጋብቻ እየተከለከለ ኖሯል። የሙያ ስም እንደ ስሚዝ ቢረጋ ኖሮ የልጅ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ንቀቱ ቀድሞት ይገባ ነበር። የሚረጋ ስም መታሰቢያ ብቻ ሳይሆን ማኅተምም ነው።

ደግሞም ወረቀት ብቻውን ስም አያኖርም። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡት የጣሊያን አሳሾች አባያን በንግሥታቸው ስም ማርጌሪታ አሉት። ጫሞም በአውሮጳ ካርታዎች ላይ ሩስፖሊ ተባለ፤ ይህም በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን የገደለው የኢጣሊያዊ መስፍን የቤተ ዘመድ ስም ነው። ዓሣ አጥማጁ ግን ጫሞ ማለቱን አልተወም። ሩስፖሊና አንቀጽ 32 ዕጣቸው አንድ ነው፤ አፍ አልተቀበላቸውም።

እንግዲህ ስምን የሚያኖረው አፍ ከሆነ፣ ነገሩ ወደኛ ወደ ጸሐፊዎቹ ይዞራል። በልብ ወለዶቻችን የዶርዜ ሰው ሲመጣ ምን ሆኖ ነው የሚመጣው? ሸማኔ። ስሙስ? «ሸማኔው»። ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ተሸክሞ ይገባል፣ ዋጋ ይነገረዋል፣ ይወጣል። ባለታሪኩ ግን ስምም የአባት ስምም አለው። እንዲህ አድርገን እኛው በብዕራችን ስሚዝ እያደረግነው ነው፤ በሙያው ጠርተን እዚያው እናስቀረዋለን።

ሕጉን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሕጉ ቢያንስ ለሁሉም ስም ይገባል ብሎ ነበር የተነሣው። የናንተ ድርሰት ይህን ያህል እንኳ ብሏል? በሚቀጥለው ታሪካችሁ ሸማኔው ሲገባ ስሙን ጠይቁት። የአያቱንም ጨምሩ። መዝገቡ የጣለውን ድርሰት ካላነሣው ማን ያነሣዋል?