ሰላምታ እንደ ፍሬ ነገር፦ ስለ ጋምቤላ የቀይ መስቀል መልእክቶች ቅርፅ

ደብዳቤን ስናስተምር ሰላምታን ከፍሬ ነገሩ ለይተን «እንደምን ከርማችኋል፣ እኛ ደህና ነን» የሚለውን እንደ መግቢያ ልማድ እናልፈዋለን። ይህ አከፋፈል ለጋምቤላ አይሠራም ባይ ነኝ።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ በኩሌ፣ በቲርኪዲና በሌሎችም መጠለያዎች የሰፈሩ ስደተኞች ከተለዩት ቤተሰብ ጋር ከተጠያየቁባቸው መንገዶች አንዱ የቀይ መስቀል መልእክት ነው። (የግል ጽሑፍ በመሆኑ አንዱንም አልጠቅስም፤ የምመለከተው የቅርፁን ደንብ ነው።) ወረቀቱ አይታሸግም። የፖለቲካና የጦር ወሬ ክልክል ነው። ታዲያ ምን ይቀራል? ማን በሕይወት አለ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ። የሸሸ ሰው ከምን እንደ ሸሸ ሳያነሣ ይጽፋል። «ደህና ነን» እዚህ ዜና ነው፤ ተቀባዩም በ«ነን» ውስጥ እነማን እንዳሉ ይቈጥራል፤ ያልተጠራ ስም ካለ መርዶ ሊሆን ይችላልና።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከእንግሊዝ አገር ጀርመን ወደ ያዘቻቸው የቻናል ደሴቶች የሚላከው መልእክት የቤተሰብ ወሬ ብቻ፣ ያውም ከ25 ቃል የማይበልጥ ነበር።

መጻፍ የማይችል ላኪ በሌላ እጅ ያስጽፋል። ድምፁ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም፣ በፖስታ ቤት ደጃፍ ደብዳቤ ጻፊ ያየ አንባቢ በዚህ አይደናገርም።

በአማርኛ ያልተጻፈ ነገር ለአማርኛ ትምህርት ክፍል ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። የማነጻጽረው የሰላምታን ተግባር እንጂ ቋንቋውን አይደለም። ደግሞም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ስልክና ፖስታ ሲቋረጥ፣ ድንበር የለያቸው ቤተሰቦች የተጠያየቁት በዚሁ ባልታሸገ ወረቀት ነበር።